አገልግሎቱ ያልታወቀ

ለዝናብ ነው የገባሁት፣ ሙዚየም ልጎበኝ አይደለም፤
የሐምሌን ዶፍ፣ ፖስታ ቤት ጋ፣ የኔ ጃንጥላ አይችለውም።
በሩ ላይ አንዲት ልጅ፣ «ሲፈን» የሚል ባጅ ደረቷ ላይ፣
«ይግቡ አባ፣ በነፃ ነው» አለች፤ ገባሁ የጫማዬን ጭቃ ሳላይ።
በነጩ ወለል ላይ ዱካዬ ተከተለኝ፤
አፈርኩ፤ እሷ ግን በዓይኗ «ይለፉ» አለችኝ።

«የሩቅ ደሴት ናት፣ ከሰላማዊ ውቅያኖስ መሐል፤
ጦርነቱ ሲመጣ ሰዉ እንዴት እንደኖረ ያሳያል።»
ካርታው ላይ ፈለግኋት፦ ሰማያዊ፣ አሁንም ሰማያዊ፣
ከዚያ የዝንብ ኩስ የምታህል ነጥብ።
ለዚህች ነው?
የባሕሩን ስም ደግሞ ማን አወጣው፣ ሰላማዊ!

አንደኛው መስታወት ውስጥ፦ የሩዝ ካርድ። ያንድ ቤት። ስድስት ነፍስ።
ሁለቱ በቀይ ተሰርዘዋል።
መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁት፤
እጄ ግን ቀድሞኝ አውቆታል።
አሥራ አንድ ዓመት የቀበሌ ሱቅ ውስጥ ስኳር መዝኛለሁ፤
ያን ቀይ እስክሪብቶ በነዚህ ጣቶች ይዣለሁ።
«እስከ አርባው እንኳ ተወው፣ የልጄን ስም አትሰርዘው»
ያለችኝን ሴት፣ ወይዘሮ አስካለን፣
መመሪያ ነው ብዬ መለስኳት።
መመሪያው ምን ይል እንደነበር ዛሬ ብትጠይቁኝ
አንድ መስመር አላስታውስም፤
የነጠላዋ ጥለት ግን አረንጓዴ ነበር፣ ባንድ ጎኑ የተተለተለ።

ጥጋቡም ሲዘምት፣ ታናሼ፣ ገና በሕይወት ሳለ፣
ከእናታችን ካርድ ላይ የሰረዝኩት እኔ ነኝ።
«ተቀናሽ» ብዬ ጻፍኩ፤ ቀኑን ጨምሬ።
እናቴ ካርዱን አጣጥፋ ጡቷ ሥር ከተተች፤
ያን ወር ሻይ በጨው ጠጣን፤ ምንም አልተናገረች።

ቀጥሎ የስኳር ድንች ቅጠል ሥዕል። ቀጥሎ የሕፃን ጫማ።
አለፍኩት። የሕፃን ጫማ ፊት ማን ይቆማል።

ፎቶው፦ ዋሻ። አንዲት ሴት፣ አንገቷን አቅንታ፣
የድንጋይ ላብ ትልሳለች፣ ልጇን በጀርባዋ አዝላ።
ሲፈን አነበበችልኝ፦ «ዙሪያው ባሕር ነበር፣ ሰዉ ግን በውሃ ጥም...»
«ይብቃሽ ልጄ» አልኳት።
ቀሪውን አውቀዋለሁ፣ ከምጽዋ በመጣ አንድ ደብዳቤ፦
«ወንድምዓለም፣ ይኼን ሁሉ ውሃ ከፊቴ ዘርግቼ ተጠማሁ፤
ጥጋቡ ብሎ ስም ያወጣልኝ ሰው ይምጣና ይየኝ።»
ይቀልዳል።
ሁለተኛ ደብዳቤ አልመጣም።

መጨረሻው ጥግ፣ መብራት በደንብ በማይደርስበት፣
አንዲት የወተት ቆርቆሮ፣ ክዳኗ በምስማር የተበሳ፤
ከሥሯ ወረቀት፦ «የቆርቆሮ ዕቃ። አገልግሎቱ ያልታወቀ።»
ሳቅሁ። ዘበኛው ዞር አለ።
«ምነው አባ?»
«ኩራዝ ናታ!
እያት ጥላሸቱን፣ አፏ ላይ። እያት፣ ጆሮዋ በጣት ብዛት ልሟል።
በሷ ነው ያጠናነው እኔና ጥጋቡ፣ ባንድ መጽሐፍ ሁለት ራስ፤
ጠዋት ጣቱን አፍንጫው ውስጥ ሰዶ
በጥቁሩ ግንባሬን ይቀባኝ ነበር።
እነዚያስ የዋሻው ልጆች፣ ሲነጋ ተያይተው፣
ያንዱ አፍንጫ ከሌላው ጠቁሮ፣
ሳይስቁ ይቀራሉ?»

ሲፈን ብዕሯን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠች።
«ወረቀቱን የጻፉት እነሱ ናቸው፣ እኔ መቀየር አልችልም፣ አባ።»
አውቃለሁ አልኳት።
መመሪያ ነው።

በሩ ጋ የአስተያየት መዝገብ፤ ከኔ በፊት የገባ ሰው
«በጣም ደስ ይላል» ብሎ ፈርሟል።
ዝናቡ አባርቷል፤ ውጭ ረዳቱ «ለገሃር፣ ለገሃር፣ አንድ ሰው» ይላል።
እስክሪብቶው በሲባጎ ከጠረጴዛው ታስሯል፤
ሰማያዊ ነው፣ ተመስገን።
ጥቂት ቆምኩ።
ከዚያ ጻፍኩ፦ «ለኩራዟ ክር ይግባላት።»
ስሜን፤
የድሮ ቀበሌዬን ቁጥር፤
ቀኑን ጨምሬ።